ኮድ መሥራትና ኮድ መፍታት ለጀማሪዎች

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኮድ ነው። ኮድ ስል የሞባይል ካርድ ቁጥር ማለቴ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢያገኘው እንኳ እንዳያነበው ተደርጎ የተጻፈ ጽሑፍ ማለቴ ነው። ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ጽሑፍ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ሁለተኛው ያለ ቁልፍ እንዴት እንደሚፈታ። እኔ የምወደው ሁለተኛውን ነው፤ ግን መቆለፍ ያልቻለ መፍታት ስለማይችል ከአንደኛው እንጀምራለን። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። እጃችሁ ሳይሠራ ዓይናችሁ ብቻ ቢያነበው ምንም አይገባችሁም።

ይህን ርዕስ ለክበባችን ተጠሪ መምህር ስነግራቸው መጀመሪያ ያሉኝ «ለፈተና መኮራረጃ አይሆንም ወይ?» ነው። አይሆንም። በኮድ የተጻፈ አንድ መልስ ፈትቶ ለማንበብ ከሚፈጀው ጊዜ ጥያቄውን ራሱን መሥራት ይፈጥናል። ከታች ስትሞክሩት ታዩታላችሁ።

ከኮድ በፊት፦ መደበቅ

ብዙ ተማሪ መደበቅንና መቆለፍን አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። በሎሚ ጭማቂ ብትጽፉና ሲደርቅ ባይታይ፣ ጓደኛችሁም በሞቀ ካውያ ሲተኩሰው ቡናማ ሆኖ ቢወጣ፣ ይሄ መደበቅ ነው። ጽሑፉ እንዳለ የሚታወቅ ከሆነ ግን አለቀ፤ ማንም ይተኩሰዋል። ሰምና ወርቅም ከዚህ ወገን ነው፤ ቃሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ትርጉሙ ከሥሩ ይደበቃል። ቀላሉ የመደበቂያ ዘዴ ይሄ ነው። ቀጥሎ ያለውን ደብዳቤ አንብቡት።

ዛፉ ሥር ያለችው ውሻ ወለደች።
ሬዲዮው ተሠርቷል።
አባባ ገበያ ሄደዋል።
ልብሱን አጥቤዋለሁ።
መብራት ትናንት መጣ።
ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።
ምሳ በልተናል።

ምንም የለውም አይደል? የየመስመሩን መጀመሪያ ፊደል ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። «ዛሬ አልመጣም» ይላል። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ ብዙ መስመር ይፈጃል፤ በእኛ ፊደል ግን አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ በሰባት መስመር አለቀ።

አሁን ወደ መቆለፍ። በመቆለፍ ጽሑፉን ሁሉም ያየዋል፤ የሚያነበው ግን ቁልፉ ያለው ብቻ ነው።

ፊደል ገበታው ራሱ መሣሪያ ነው

የሚያስፈልገን አንደኛ ክፍል የነበረን ፊደል ገበታ ብቻ ነው። ገበታው ሁለት አቅጣጫ አለው። ወደ ታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይወርዳል። ወደ ጎን ደግሞ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ እያለ በሰባት ቤት ይሄዳል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ወደ ታች ያሉትን ቁጥር እንስጣቸው። ይህንን ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት፣ እስከ መጨረሻው እንጠቀምበታለን።

1 ሀ፣ 2 ለ፣ 3 ሐ፣ 4 መ፣ 5 ሠ፣ 6 ረ፣ 7 ሰ፣ 8 ሸ፣ 9 ቀ፣ 10 በ፣ 11 ተ፣ 12 ቸ፣ 13 ኀ፣ 14 ነ፣ 15 ኘ፣ 16 አ፣ 17 ከ፣ 18 ኸ፣ 19 ወ፣ 20 ዐ፣ 21 ዘ፣ 22 ዠ፣ 23 የ፣ 24 ደ፣ 25 ጀ፣ 26 ገ፣ 27 ጠ፣ 28 ጨ፣ 29 ጰ፣ 30 ጸ፣ 31 ፀ፣ 32 ፈ፣ 33 ፐ።

ቨን ትቼዋለሁ፤ የሚፈልግ 34 ብሎ ይጨምረው። እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ያሉት ገበታው ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው ቁአ፣ ኩአ፣ ጉአ እያላችሁ በትናቸው።

መጀመሪያ ወደ ጎን እንሂድ። እያንዳንዱን ፊደል በራሱ መስመር ላይ አንድ ቤት እንግፋው። ግዕዝ ካዕብ ይሆናል፣ ካዕብ ሣልስ ይሆናል፣ ሳብዕ ደግሞ ዞሮ ግዕዝ ይሆናል። «ነገ ፈተና አለ» የሚለው «ኑጉ ፉቱኔ ኡሉ» ሆነ። ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ያስቃል። ግን ደካማ ኮድ ነው። ለምን መሰላችሁ? በአማርኛ የቃሉ አጥንት ተነባቢው ነው። ፈተና፣ ተፈተነ፣ ሁለቱም ውስጥ ፈ፣ ተ፣ ነ አሉ። አናባቢውን ብታመሰቃቅሉትም አጥንቱ ቦታው ላይ ስለቆየ ጎበዝ አንባቢ «ፉቱኔ»ን አይቶ ፈተና መሆኑን ይጠረጥራል።

ስለዚህ ወደ ታች እንውረድ። ከእያንዳንዱ ፊደል ሦስት እንቁጠርና በዚያ እንተካው፤ ቤቱን ግን አንንካ። ነ 14 ነው፣ ሲደመር 3 ይሆናል 17፣ እሱም ከ። ገ 26 ነው፣ 29 ጰ ነው። ፈ ደግሞ 32 ስለሆነ 35 ይመጣል፤ 33 ስናልፍ ከላይ እንጀምራለን፣ 35 ሲቀነስ 33 ሁለት፣ ለ። እንዲህ እያልን «ነገ ፈተና አለ» «ከጰ ለነካ ወሠ» ይሆናል። አጥንቱ ራሱ ተሰበረ። የደረሰው ሰው ሦስት ሦስት ወደ ላይ እየቆጠረ ይመልሰዋል። 3 ቁጥር እዚህ ላይ ቁልፍ ይባላል።

ይህን ዘዴ ከ2,000 ዓመት በፊት የሮማው ዩልየስ ቄሳር ይጠቀምበት ነበር፤ የእሱም ቁልፍ 3 ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ የቄሳር ኮድ ይባላል።

በጣት መቁጠር ለሰለቸው፣ ሁለት የወረቀት ቅዳጅ በማስመሪያ ቁረጡ። አንዱ ላይ 33ቱን ፊደላት አንድ ጊዜ፣ ረጅሙ ላይ ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ ጻፉ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ በቁልፉ ልክ ስታንሸራትቱ ኮዱ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ክብ ካርቶን በስፒል ወግተው የሚሠሩም አሉ፤ እኔ ግን ክብን ለ33 እኩል ማካፈል አይመቸኝም፣ 360 ለ33 ሲካፈል አያልቅም።

ሌላው የድሮ ዘዴ መገልበጥ ነው። የመጀመሪያው በመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ባለው ይተካል። ሀ ፐ ይሆናል፣ ፐም ሀ ይሆናል። በዕብራይስጥ ፊደል የተሠራ እንዲህ ያለ ኮድ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 25 ቁጥር 26 ላይ «ሼሻክ» የሚል አገር ስም ታገኛላችሁ። ባቢሎን ተገልብጣ ነው። በእኛ ገበታ ስትሞክሩት አንድ ፊደል ብቻ ራሱን ሆኖ ይቀራል። 33 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ መሐል ላይ ያለው 17ኛው ከ ነው።

አንድ የሚያጣላ ነገር አለ። ሰላም ብላችሁ ብትጽፉ በቁልፍ 3 «በሣስ» ይመጣል። ጓደኛችሁ ግን ሠላም ብሎ ቢጽፈው «ሸሣስ» ይሆናል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ኸ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ፣ በቁጥር ግን የተለያዩ ናቸው። የአማርኛ መምህራችን ሞክሼ ሆሄያት የሚሏቸው ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያማርርባቸው እነዚህ ፊደላት ለኮድ ሠሪ ሀብት ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ኮድ መፍታት ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ፊደል የማያስፈልገው ኮድ

እስካሁን ያየነው ፊደልን በፊደል መተካት ነው። ሙሉ ሐሳብን በአንድ ቃል መተካትም አለ። ለዚህ ማንበብም መጻፍም አያስፈልግም፣ አስቀድሞ መስማማት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አክስቴ ዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ ሆና ሄዳ ነበር። ስልክ የምትደውለው አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ ነው፤ የቤቱ ሹፌር ደግሞ አማርኛ ይሰማል። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ከእናቴ ጋር ቡና እየጠጡ ቃል ተስማምተው ነበር። ስለ ዝናብ ከጠየቀች ደህና ነኝ ማለት ነው። ስለ ላሚቱ ከጠየቀች ደመወዝ አልተከፈለኝም ማለት ነው። እኛ ላም የለንም። ግን ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ስለ ላም ቢጠይቅ ማን ይገርመዋል? ለወራት ስለ ዝናብ ስትጠይቅ ቆየች። አንድ ቀን ሰላምታ ተለዋውጠው ሲጨርሱ «ላሚቱ ወለደች?» አለች። እናቴ «ገና ናት፣ ሁለት ወር ይቀራታል?» አለቻት። «አዎ ሁለት ወር» አለች አክስቴ። የሁለት ወር ደመወዝ ማለት ነው። በማግስቱ አጎቴ ወደ ላካት ኤጀንሲ ሄደ። ብዙ ተመላልሶ ብሯ ተከፈላት።

የዚህ ዓይነት ኮድ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። ማንም ቢሰማው ኮድ መሆኑን አይጠረጥርም፣ ፊደል የማታውቀው አያቴም ትረዳዋለች። ድክመቱስ? ካልተስማማችሁበት ነገር ውጪ ምንም ማለት አትችሉም። አክስቴ ጥርሷን ታማ አንድ ሳምንት ሳትተኛ ስትከርም ለጥርስ የሚሆን ቃል ስላልነበራቸው እኛ የሰማነው ስለ ዝናብ ብቻ ነው። አሁን ኮንትራቷን ጨርሳ ተመልሳለች። ይህንንም የጻፍኩት እሷን አስፈቅጄ ነው፤ እውነተኞቹ ቃላትም ላምና ዝናብ አይደሉም። የተነገረ ኮድ የሞተ ኮድ ስለሆነ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል ብላ አክስቴ ራሷ ቀይሪያቸው አለችኝ።

ኮድ መፍታት

አሁን ጎበዝ የሚለይበት ቦታ ደረስን። ቁልፉን አታውቁም። የተጣለ ወረቀት አግኝታችኋል። እንዲህ ይላል።

ኑስሙ ጫሰድ ዠጵውፃጩ ብት ወድ።

የሰነፍ ዘዴ አለ፤ ሁሉንም ቁልፍ መሞከር። በቄሳር ዘዴ ከተቆለፈ ቁልፎቹ ከ1 እስከ 32 ብቻ ናቸው። 32 ጊዜ መሞከር የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የቄሳር ኮድ ቁልፍ አለው ማለት ይከብዳል። ወደ ጎን መግፋትንም ብንጨምርበት 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ይሆናል፤ አንዱ ምንም ያልተነካ ስለሆነ 230 ቁልፍ ይቀራል። አራት አሃዝ ያለው የስልክ የምስጢር ቁጥር ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ነው። እሱም ቢሆን ለትዕግሥተኛ ሌባ ብዙ አይደለም። የሚያድነን ስልኩ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳቱ በኋላ ስለሚቆልፍ ነው። ወረቀት ግን አይቆልፍም፤ ፈቺው የፈለገውን ያህል ይሞክራል።

እኛ ግን በጭንቅላት እንሥራ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አራት ነጥብ ፊት ያለው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ከሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ነው፣ አለ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ናት። የእኛ የመጨረሻ ቃል «ወድ» ነው። ቤቱን ስናይ ግዕዝና ሳድስ ነው። አለ ሁለቱም ግዕዝ ነው፣ አይሆንም። መጣ ግዕዝና ራብዕ ነው፣ አይሆንም። ናት ራብዕና ሳድስ ነው። ነው ግን ግዕዝና ሳድስ ነው! ስለዚህ «ወድ» ማለት «ነው» ነው ብለን እንገምት። ግምቱን እንፈትነው። ነ 14፣ ወ 19፣ ልዩነቱ 5። ው 19፣ ድ 24፣ ልዩነቱ 5። ሁለቱም አንድ ቁጥር ሰጡን። አንዱ 5 ሌላው 8 ቢመጣ ኖሮ ግምታችን ተሳስቷል ማለት ነበር። አሁን ሁሉንም አምስት አምስት ወደ ላይ እንመልስ። ኑ ቁ ይሆናል፣ ስ ል ይሆናል፣ ሙ ደግሞ 4 ስለሆነ ከላይ ያልቅበትና ከታች ዞሮ 32፣ ፉ። «ቁልፉ»! የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱት፤ ድንጋይ ያለበት ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ቃልን ገምቶ መግባት ልጆች የፈጠሩት ጨዋታ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ኢኒግማ በሚባል ማሽን ይቆልፉ ነበር። ፖላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ማሪያን ሬየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1932 የማሽኑን አሠራር በሒሳብ ደረሰበት፤ ፖላንዶች በ1939 የሚያውቁትን ለእንግሊዞችና ለፈረንሳዮች አካፈሉ። እንግሊዝ ውስጥ ብሌችሊ ፓርክ በሚባል ቦታ አለን ቱሪንግና ጓደኞቹ ሥራውን ቀጠሉ። እነሱ የሚፈልጉት ልክ እንደ እኛ «ነው» ያለ የታወቀ ቃል ነበር። ጀርመኖች የአየር ሁኔታ ዘገባ ስለሚልኩ «የአየር ጠባይ» የሚለው ቃል የት አካባቢ እንደሚኖር ይገመታል። ደግሞ ኢኒግማ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ አንድን ፊደል በጭራሽ በራሱ አይተካም። ስለዚህ የገመቱትን ቃል ከኮዱ ሥር ሲያስቀምጡ አንድ ፊደል እንኳ ከራሱ ጋር ከገጠመ ቦታው አይደለም ብለው ያልፋሉ። ወደ እኛም የሚመጣ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1941 በምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት፣ ጣልያን ከአገራችን ስትባረር፣ እንግሊዞች የጣልያን ጦር በሬዲዮ የሚላላከውን ኮድ እየፈቱ ያነቡ ነበር።

የፊደል ቆጠራ

ቄሳርን እንዳይፈቱብን ቁልፉን ቃል እናድርገው። ለምሳሌ ፋሲለደስ። ከቃሉ ውስጥ የማይደገሙትን ፊደላት በግዕዝ እናውጣ፤ ፈ፣ ሰ፣ ለ፣ ደ። እነዚህን መጀመሪያ ጽፈን የቀሩትን በተራቸው እናስከትል፤ ፈ፣ ሰ፣ ለ፣ ደ፣ ሀ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ እያለ እስከ ፐ ይወርዳል። ይህን ከዋናው ሰልፍ ጎን ስናቆመው ሀ በፈ፣ ለ በሰ፣ ሐ በለ፣ መ በደ ይተካል። «ነገ ፈተና አለ» አሁን «ቸጀ ፀቀቻ ነሰ» ይሆናል። ምክር ልስጣችሁ፤ ቃላችሁ ውስጥ ከገበታው መጨረሻ አካባቢ ያለ ፊደል ይኑር። ጎንደርን ቁልፍ ብታደርጉ ከጠ ጀምሮ ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ሆነው ይቀራሉ። ፋሲለደስ ግን ፈ ስላለው ከፐ በቀር ሁሉንም ያንቀሳቅሳል።

33 ፊደላትን በተለያየ ቅደም ተከተል ለመደርደር ያለው አማራጭ 37 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። አንድ በአንድ ሞክሮ የሚጨርስ ሰው የለም። ታዲያ አይፈታም ማለት ነው? በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የነበረው ሊቅ አል ኪንዲ ይፈታል አለ፤ መንገዱንም ጻፈ። መሞከር አያስፈልግም፣ መቁጠር ነው። በማንኛውም ቋንቋ አንዳንድ ፊደል ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ዠ እና ጰ አንዴ ታይቶ ይጠፋል። ፊደሉን ብትለውጡት ብዛቱ አይለወጥም።

በዚህች አረፍተ ነገር እንየው፤ «ትናንት ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዝናብ ስለ ነበረ ሁላችንም ከዛፉ ሥር ቆመን ነበር።» 40 ፊደል አለባት። የነ ዘመዶች፣ ማለትም ነ፣ ና፣ ን፣ 8 ጊዜ ይመጣሉ። የተ ዘመዶች 5 ጊዜ፣ የረ 4፣ የበ 4። ይህቺ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ አንድ ገጽ ሲሆን ቆጠራው ይበልጥ ይታመናል። ስለዚህ ረጅም የተቆለፈ ጽሑፍ ስታገኙ መጀመሪያ እየቆጠራችሁ በሰንጠረዥ አስቀምጡ። በብዛት የመጣውን ፊደል ን ነው ወይ ብላችሁ ሞክሩ። ቃል መጀመሪያ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ግዕዝ ፊደል የ፣ በ፣ ለ ወይም ከ ሊሆን ይችላል። ቃል መጨረሻ ላይ የሚደጋገም ሳድስ ን፣ ም፣ ው ወይም ት ይሆናል። የመጨረሻውን ቃል ደግሞ በ«ነው» ፈትኑት። ሁለት ሦስት ፊደል ከተያዘ የቀረው እንደ ሹራብ ክር ይተረተራል።

አሁን ደግሞ ቤቶቹን ቁጠሩ። ከ40ዎቹ ውስጥ ሳድሶቹ 21 ናቸው፣ ከግማሽ በላይ! አማርኛ ሳድስ ይወዳል። ይህ ማለት ወደ ጎን መግፋት ብዙም አይጠቅምም ማለት ነው። አንድ ቤት ከተገፋ ሳድሱ ሁሉ ሳብዕ ስለሚሆን ጽሑፉ በኖ፣ በቶ፣ በሮ ይሞላል፤ አይታችሁ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ሞክሼዎቹ የሚጠቅሙት እዚህ ነው። ሰን አንዴ በሰ አንዴ በሠ፣ ሀን በአራቱም እየቀያየራችሁ ከጻፋችሁ ብዛቱ ይከፋፈልና ቆጣሪው ግራ ይገባዋል። ሌሎች አገሮች ለዚህ ሲሉ አዳዲስ ምልክት ፈጥረዋል፤ እኛ ተሠርቶ የተቀመጠ አለን። (መምህራን ግን ለአማርኛ ፈተና ይህን አይቀበሉም።)

ደካማ ኮድ ኮድ ከሌለው ይብሳል፤ ሰውየው የተጠበቀ መስሎት ሁሉን ይጽፋልና። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ እንግሊዝ ውስጥ ታስራ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1586 ከደጋፊዎቿ ጋር በኮድ ትጻጻፍ ነበር፤ ደብዳቤው በቢራ በርሜል ውስጥ ተደብቆ ይገባል ይወጣል። የንግሥት ኤልሳቤጥ ኮድ ፈቺ ቶማስ ፌሊፕስ ግን እያንዳንዱን ደብዳቤ ይፈታው ነበር። ይባስ ብሎ በአንዱ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ በራሷ ኮድ አስመስሎ «የሰዎቹን ስም ንገረኝ» የሚል ጨመረበት። ሜሪ በ1587 አንገቷን ተቀላች።

የማይፈታ ኮድ አለ?

አለ። ከ0 እስከ 32 ቁጥሮችን በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ኮፍያ ውስጥ ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዕጣ አውጡ፣ መዝግቡ፣ መልሱ፣ ደባልቁ። አንድ ቁልፍ ለሁሉም መሆኑ ይቀርና እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል። ለ«ሰላም» 4፣ 20፣ 11 ወጣልኝ እንበል። ሰ 7 ሲደመር 4፣ 11 ተ። ላ 2 ሲደመር 20፣ 22 ዣ። ም 4 ሲደመር 11፣ 15 ኝ። «ተዣኝ» ሆነ። አሁን ፈቺው በ27፣ 12፣ 24 ቢሞክረው «ከባድ» የሚል ቃል ይወጣለታል። ሰላም ነው ወይስ ከባድ? ሁለቱም እኩል ልክ ይመስላሉ፣ የሚለይበት ምንም ነገር የለም። ቤቶቹ ስላልተነኩ ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ሳድስ መሆኑን ብቻ ያውቃል፤ ያንንም ለመሸፈን ከ0 እስከ 6 ሌላ ዕጣ ማውጣት ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው በዚህ አይጠቀምም? የዕጣው ዝርዝር ከጽሑፉ እኩል ይረዝማል፣ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ቅጂ መያዝ አለባችሁ፣ አንዴ የተጠቀማችሁበትን ዝርዝር ደግሞ መድገም ክልክል ነው። ከደገማችሁ ፈቺው ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀምጦ መግቢያ ያገኛል። ሥራው ያደክማል፤ ሰው ደግሞ ሲደክመው ይደግማል።

የወሩ ጥያቄ

ሁለት የተቆለፉ ጽሑፎች ትቼላችኋለሁ። የመጀመሪያው ወደ ታች ብቻ የተገፋ ነው። ሁለተኛው ወደ ታችም ወደ ጎንም ተገፍቷል፤ መጀመሪያ ቤቶቹን ቁጠሩ። መልሱን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ እስከሚቀጥለው ዓርብ በሚኒ ሚዲያው በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱ። አሠራር የሌለው መልስ አንቀበልም፣ ከጓደኛ የተገለበጠ ሊሆን ስለሚችል።

1ኛ፦ ጸቲአህቀግ ይኽት ኅጥን ንቀ ዝክ ዘግ።

2ኛ፦ ቾሮሼኚ ዑኾጮ ዖቶዞቦናኘ ኹዮ።